የአቶ መርስዔ ኀዘን ዜና ሕይወት፣ ከአባታቸው ሥራ እርማት ጋራ

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ በአቶ መርስዔ ኀዘን ኃይለ ገብርኤል ሽኝት ላይ የተገኛችሁ ወገኖች ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም አስማማው አንዳርጋቸው ሲሆን፣ አብዛኛው ሟቹ ራሳቸው በእጃቸው ጽፈው ከተዉት ማስታወሻ የተወሰደ፣ ጥቂቱ ደግሞ ትናንት ከሰዓት በኋላ የተጨመረ ነው።

አቶ መርስዔ ኀዘን በአፈደም የባቡር ጣቢያ ውኃ ቀጂ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ኃይለ ገብርኤል ወልደ ሰማዕትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪዳነ ምሕረት በላይነህ በ1940 ዓ.ም. በዚያው በአፈደም ተወለዱ። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ አባታቸውን በባቡር ነጂነት እንደምታውቋቸው ይታወቃል፤ አንባቢው አልተሳሳተም፣ ምክንያቱ በቦታው ይነገራል።

አራት ዓመት ሲሞላቸው ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ አገርነሽ ሐረር ተዳሩ። በዚያው ዘመን የእንፋሎቱ ባቡር በናፍጣ ባቡር እየተተካ በመሄዱ፣ ቤተ ሰቡ ሙሽሪትን ተከትሎ ወደ ሐረር ገባ፤ አባታቸውም የወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆኑ። አባትየው ከሥራ ሲመለሱ ስለ ድሮው ባቡር አውርተው አይጠግቡም ነበር፤ የውኃ ጋኑ ክዳን ስንት ችንካር እንዳለው፣ የጭስ ማውጫው ከንፈር እንዴት እንደ ተጠቀለለ፣ የከሰሉ ክምር ከየት በኩል እንደሚጎድል አንድ በአንድ ይዘረዝሩ ነበር። መንዳቱን ለምን እንደ ተዉት ልጃቸው ሲጠይቋቸው ግን ዓይናቸው ስለ ደከመ መሆኑን ብቻ ተናግረው ወሬ ይለውጡ ነበር።

አቶ መርስዔ ኀዘን የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሐረር ከተከታተሉ በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም. ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ገብተው በሜካኒክነት ተመረቁ፤ ወዲያውም በከተማችን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በቦይለር ክፍል ተቀጥረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከእሳትና ከእንፋሎት ሳይለዩ ኖሩ። የሥራ ባልደረባቸው አቶ ካሚል አሕመድ እንደሚመሰክሩት፣ ቦይለሩ በታመመ ቁጥር አብሮ የሚታመም ሰው በዚያ ፋብሪካ እሳቸው ብቻ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. የቁንዝላ ተወላጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ወለላ አንዳርጋቸው ጋራ ጋብቻ ፈጽመው፣ ማህሌትንና ኪሩቤልን አፍርተው፣ አሳድገውና አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በ1979 ዓ.ም. አባታቸው ሐረር ላይ ባረፉ ጊዜ፣ አቶ መርስዔ ኀዘን ከእኅታቸው ጋራ ተቀምጠው ዜና ሕይወታቸውን አዘጋጁና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በብዙ ሕዝብ ፊት በራሳቸው አንደበት አነበቡት። በዚያ ወረቀት ላይ አቶ ኃይለ ገብርኤል ለብዙ ዓመታት በእንፋሎት ባቡር ነጂነት አገራቸውን ያገለገሉ ናቸው የሚል ቃል ነበረበት። ሕዝቡም አደነቀ፤ ነገሩም በዚያው ታመነ።

በ2000 ዓ.ም. ጡረታ እንደ ወጡ፣ ኮሌጅ የምታስተምረው ልጃቸው ማህሌት ቤት ቁጭ ብለው እንዳይተክዙ ብላ ኮምፒውተር አመጣችላቸው፤ በውስጡም ባቡር መንዳትን የሚያስመስል፣ አፍቃሪዎቹ ሲሙሌተር የሚሉት ጨዋታ ነበረ። እሳቸው ግን መንዳቱን ትተው መሥራቱን ያዙ። መብራት በሄደ ቁጥር የሠሩት እየጠፋባቸው፣ እንደ ገና እየጀመሩ፣ አባታቸው ያወሩላቸውን የእንፋሎት ባቡር ከጭስ ማውጫው እስከ መንኮራኩሩ በአራት ዓመት ሠርተው ጨረሱት፤ ድምፁንም ከፋብሪካው ቦይለር በስልክ ቀድተው አስገቡበት። ስሙን «አፈደም» አሉት፤ የሠሪውንም ታሪክ ሲጽፉ የነጂ ልጅ መሆናቸውን አስቀደሙ። ከዚያም ማንም ሰው ያለ ክፍያ አውርዶ እንዲነዳው በኢንተርኔት ለቀቁት።

በዚህ ጉዳይ ያልቀለደባቸው ሰው አልነበረም፣ ይህን የሚያነበውም ጭምር። በሐይቅ ዳር ከተማ ተቀምጦ ባቡር መሥራት ለሠፈሩ የማያልቅ ጨዋታ ሆኖ፣ የቀበሌያችን ሰው ሁሉ በሰላምታ ፈንታ ባቡሩ ስንት ሰዓት ይገባል እያለ ይጠይቃቸው ነበር። ወይዘሮ ወለላ እንኳ ለጎረቤት፣ «ሌላ ሴት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ስታረጅ ትተዋለች። ይሁን፣ እኔስ ባቡሩን ለመድሁት» ብለው ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ባቡር በዓለም ዙሪያ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ነድተውታል፤ አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎችም በየበዓሉ መልካም ምኞት ይልኩላቸው ነበር።

ፈተናው የመጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከእነዚሁ ሰዎች አንዱ የዚያን ዓይነት ባቡር የውስጥ ፎቶግራፎች አግኝቶ፣ የነጂው ክፍል የተሠራው በስሕተት መሆኑን በትሕትና ጻፈላቸው። አቶ መርስዔ ኀዘን በሰውየው ትሕትና ልክ አልመለሱለትም፤ አባታቸው ነጂ እንደ ነበሩና ፎቶግራፉ የሌላ ባቡር እንደሚሆን ነገሩት። ነገር ግን የቦይለር ሰው ናቸውና እጀታን ከእጀታ መለየት አያቅታቸውም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፎቶግራፉን ከሥራቸው ጋራ ሲያስተያዩ ቆዩ። ከባቡሩ ከላይ በኩል የሚታየው ሁሉ፣ ክዳኑ፣ ጭስ ማውጫው፣ የከሰሉ ማስቀመጫ፣ አንድ ችንካር እንኳ አልጎደለውም። በነጂው ክፍል ውስጥ ያለው ግን ፍሬኑም፣ የእንፋሎት መክፈቻውም፣ የነጂው መቆሚያም ቦታው ተዛብቷል። ያንን ባቡር በየቀኑ ከላይ የሚያየው በጣቢያው የውኃ ማማ ላይ ቆሞ ውኃ በቱቦ የሚሞላለት ሰው ነው። ለማረጋገጥ ድሬዳዋ ወዳሉ አንድ የዘጠና ዓመት የምድር ባቡር ጡረተኛ ቢደውሉ፣ ሽማግሌው፣ «ኃይለ ገብርኤል ውኃ ቀጂውን ነው? እንዴት አላውቀው!» ብለው ነገሩን ዘጉት።

አቶ መርስዔ ኀዘን እጅግ አዘኑ። ያዘኑት የውኃ ቀጂነት ሥራ አንሶባቸው አይደለም፤ ቦይለር ያለ ውኃ ምን እንደሚሆን ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ያዘኑት አባታቸው ስለ ዋሿቸው፣ እሳቸውም ያንኑ ውሸት በሕዝብ ፊት ስላነበቡት ነው። ባቡሩን ከኢንተርኔት አንሥተው፣ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቀው፣ የነጂውን ክፍል እንደ ገና ሠሩ። የአፈደምን የውኃ ማማም ጨመሩና ሽርጥ ያገለደመ አንድ ሰው አናቱ ላይ አቁመው መልሰው ለቀቁት። ከዚያ ወዲህ ያንን ባቡር የሚነዳ ሰው ከየትም አገር ቢሆን አፈደም ላይ ቆሞ ከዚያ ሰው ውኃ መቀበል አለበት፤ ሳይቀበል ያለፈ መንገድ ላይ ይቀራል።

በዚያን ጊዜ ወይዘሮ አገርነሽ ባለቤታቸው ስላረፉ ከልጃቸው ጋራ ዘንዘልማ መኖር ጀምረው ነበር። አቶ መርስዔ ኀዘን የደረሱበትን ነገር ሄደው ሲነግሯቸው፣ እኅትየው፣ «አባቴን ሁለተኛ ቀበርከው» ብለው ከቤታቸው አስወጧቸው። በባጃጅ በሚደረስበት መንገድ አራት ዓመት ሙሉ ሳይተያዩ ቀሩ። በዓል ሲመጣ ሽማግሌ ይላክ ነበር፤ ሽማግሌው ምሳ ተጋብዞ ያለ ዕርቅ ይመለሳል።

አቶ መርስዔ ኀዘን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለሁለት ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በማስታወሻቸው መጨረሻ ላይ፣ በሰው ፊት የተነበበ ስሕተት በሰው ፊት እንዲታረምላቸው፣ እኅታቸው ካልፈቀዱ ግን የአባታቸው ሥራ ሳይጠቀስ እንዲታለፍ አደራ ጽፈው ተገኘ። ስለዚህ ይህን የሚያነበው ሰው መርዶውንም የፈቃዱንም ጥያቄ ይዞ ትናንት ዘንዘልማ ሄደ።

ወይዘሮ አገርነሽ አልቅሰው ከጨረሱ በኋላ የተናገሩት ቃል፣ እንዲነበብም ራሳቸው ያዘዙት፣ ይህ ነው፦ «እኔ አውቅ ነበር። ምሳውን ማማው ሥር የማደርስለት እኔ ነበርኩ። የሐረር ሰዎች ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ አማላጁ አባቷ ባቡር ነጂ ነው አላቸው። አባባ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ዝም አለ። ትዳሬ እንዳይፈርስ ብሎ እስኪሞት ድረስ ነጂ ሆኖ ኖረልኝ። መርስዔ ሲመጣ ይህንን ልነግረው ሲገባ፣ አፈርኩና ተቆጣሁ። ሳልነግረው ሄደብኝ። አፈር ሳይለብስ አንብቡለት።»

እንግዲህ አቶ መርስዔ ኀዘን፣ በአደራዎ መሠረት በሰው ፊት ታርሟል፤ አባትዎ ውኃ ቀጂ ነበሩ። ለክብራቸው ሲሉ አልዋሹዎትም፤ ለልጃቸው ብለው ዝም አሉ እንጂ።

አቶ መርስዔ ኀዘን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወለላን፣ ልጆቻቸውን ማህሌትንና ኪሩቤልን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ከአራት ዓመት በኋላ ዛሬ አጠገባቸው የተቀመጡትን እኅታቸውን ወይዘሮ አገርነሽን ትተው ሄደዋል፤ ለእነዚህ ሁሉ መጽናናቱን ይስጥልን። ነፍሳቸውንም መሐሪው አምላክ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ አኑሮ፣ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለ ገብርኤል ጋራ ያገናኝልን፤ የሚነጋገሩት አላቸው። አሜን።