የማን ለቅሶ ነው?

በእኛ ጊዜ ሚኒባስ በኮንትራት የሚያዝ ለሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አንድም ለሰርግ፣ አንድም ለለቅሶ። ለሰርግ ከሆነ ጥሩምባው ከሩቅ ይሰማል። ለለቅሶ ከሆነ ደግሞ ሹፌሩ ዘፈኑን ይዘጋና "የማን ለቅሶ ነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ ከፊት የተቀመጠው የሟች ዘመድ ስሙን ይነግረዋል፣ ሹፌሩም "አላህ ይርሐመው" ወይ "ነፍስ ይማር" ብሎ መንገዱን ይጀምራል። ደንቡ ይኸ ነው። ሰው ሳይሞት ሰው ሳይዳር፣ ዝም ብሎ ተራራ ለማየት ሚኒባስ መሳፈር የሚባል ነገር እኛ አናውቅም ነበር። ትስቂያለሽ አንቺ ፋጡማ! ሳቂ፣ ሳቂ፤ ስንት ለቅሶ በአንድ ወንበር ተጣበን እንደሄድን ረሳሽው?

እና እናንተ ዛሬ እዚህ ዓባይ ማዶ ቤታችን ድረስ የመጣችሁት ያሲንን "እንኳን ደህና ገባህ" ልትሉ ነው፣ አላህ ይስጥልኝ። "ጋሽ እንድሪስ፣ ዌልስ የሚሉት አገር ምን ይመስላል?" ብላችሁ ለጠየቃችሁኝም እነግራችኋለሁ። ግን አገሩን ብቻ ነጥዬ ማውራት አልችልበትም፣ ከልጆቼ ነገር ጋር ተቋጥሮብኛል፤ ታገሡኝ።

የማታውቁ እንድታውቁት፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩኝ፤ ሰይድ ታላቁ፣ ይኸ ያሲን ታናሹ። ጣና ዳር ደልጊ አክስታቸው ዘንድ ሄደው፣ አንድ ጠዋት ዓሣ ሊያጠምዱ በደንገል ታንኳ ወጡ። ጣናን ታውቁታላችሁ፣ ተኝቶ ተኝቶ ይቆይና ነፋስ ሲነሣበት ሌላ ነው። ታንኳዋ ተገለበጠች። ያሲንን ዓሣ አጥማጆች አገኙት፣ ሰይድን ውሃው ወሰደው። ፈለግን፣ ፈለግን፣ አልተገኘም። በሌለበት ሰገድንበት፣ በሌለበት አለቀስን። መቃብር የለው፣ ምልክት የለው።

ታዲያ ለቅሶው ላይ የመጣ ሁሉ፣ የመጣ ሁሉ ያሲን አጠገብ ይቀመጥና "አንተስ እንዴት ወጣህ?" ይለዋል። በክፋት አይደለም! የእኛ ሰው ለቅሶ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቅ አሟሟቱን ነው፣ ደንብ ነው። አንዱ ይመጣል፣ "እንዴት ሆነ? አንተስ እንዴት ወጣህ?" ይላል። ሌላዋ ትመጣለች፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ "እኔን! አንተስ ልጄ እንዴት ወጣህ?" ትላለች። ልጁ መሬት መሬቱን ያያል። አንድ ቃል አልወጣውም። ከዚያ ወዲያ የወንድሙን ስም ጠርቶ አያውቅም። ሐይቁን ላለማየት ፔዳ ግቢ ትምህርት ሲሄድ እንኳ በውስጥ ለውስጥ ነበር የሚሄድ። ትምህርቱን ጨረሰ፣ ነርስ ሆነ፣ ባሕር ተሻግሮ ዌልስ ሄደ፣ ሄዶ ቀረ። ስልክ ይደውላል፤ "ደህና ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ" ነው፣ አለቀ።

በኋላ እኔን ና ብሎ ወረቀቱን ሁሉ ጨርሶ ሲልክልኝ፣ እናቱ ዘሃራ፣ ይችው ተቀምጣለች ትመስክር፣ በርበሬ አልቋጠረችልኝ፣ ሽሮ አልቋጠረችልኝ። አንዲት ቃል ነው የላከችኝ። "የሞተውንስ ውሃ ወሰደው፤ ያለውን ምን ወሰደብኝ በለው። ይዘኸው ና። አለዚያ አንተም አትምጣ!" አለችኝ። አላልሽም? ብለሻል። እኔ ያንን ተሸክሜ ነው አውሮፕላን የወጣሁ።

እና ደረስሁ። ልጄ ደህና ነው፣ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ግን ዝም ያለ ቤት ነው። ከሆስፒታል ይመጣል፣ ያበላኛል፣ ብርድ ልብስ ይደርብልኛል፣ ይተኛል። የእናቱን ቃል ልጀምር እልና ፊቱን ሳየው እተወዋለሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል መመለሻዬ ደረሰ። ዘሃራን ምን ብዬ አያታለሁ? እንቅልፍ አጣሁ።

ታዲያ አንድ ቀን "አባ፣ ነገ ሥራ የለኝም። በሚኒባስ ገጠር እንሄዳለን፣ ይዘጋጁ" አለኝ።

"የማን ለቅሶ ነው?" አልሁት።

"ለቅሶ አይደለም አባ፣ ጉብኝት ነው።"

"ማን ታሞ?"

"ማንም አልታመመ። አገሩን ነው የምንጎበኝ።"

"አገሩ ታሟል እንዴ?"

ሳቀ። እዚያ ከገባሁ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን አላመንሁትም። መርዶ የሚደብቅ ሰው እኮ እንዲህ ነው የሚያደርግ፤ "ና እስቲ ንፋስ እንቀበል" ብሎ ያሳፍርህና ለቅሶው በር ላይ ያወርድሃል። አንድ ያገር ልጅ ሞቶበት ሊያረዳኝ ፈርቶ ነው አልሁ። እና ባዶ እጅ ለቅሶ አይደረስ፣ ዳቦ ገዝቼ በፌስታል ያዝሁ፣ ጋቢዬን አጣፋሁ፣ ፊቴን አጠቆርሁና ወጣሁ።

ሚኒባሷ ትንሽ ናት። የምትነዳውም የምታስጎበኘውም አንዲት ሴት ናት፣ ሜገን ትባላለች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ እጇ የገበሬ እጅ። ከእኛ ሌላ አንድ ባልና ሚስት ሽማግሎች አሉ፣ በቃ። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ይኸን ያህል ብቻ? አይ የሟች ነገር፣ ወዳጅ አልነበረውም አልሁ በልቤ።

አገሩን አትጠይቁኝ፤ አረንጓዴ ነው። ክረምቱ ከበጋው አይለይ፣ ዝናቡ ያካፋል፣ ያባራል፣ ያካፋል። ከሰው በግ ይበዛል፣ እረኛም የለው። ተራራውን ሁሉ በድንጋይ ካብ ሸንሽነውታል። መንገዱማ፣ ከዚህ ከዓባይ ማዶ ሁለት ባጃጅ ብትወስዱ አይተላለፉበትም! አንድ ትራክተር መጣና ሜገን ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደችለት፣ አልተሳደበችም፣ እጇን አውለበለበችለት። ታፔላው ሁሉ በሁለት ቋንቋ ነው። "እንግሊዞች ናችሁ ወይ?" ብዬ አስጠየቅኋት። "እኛ? በፍጹም! እኛ ዌልሶች ነን" ብላ ተቆጣች፣ ከዚያ በራሷ ቋንቋ የአንዱን መንደር ስም ጠራችልኝ፣ ኽኽልልል ብላ፣ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ የቀረ ነው የመሰለኝ። ወደድኋት።

ባልና ሚስቱ ግን በየመንገዱ ይወርዳሉ፣ ይስቃሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ወይ ጉድ! ለቅሶ ሳይደርሱ ፎቶ! "ያሲን፣ እነዚህ ሰዎች አያፍሩም?" አልሁት። "አባ፣ ለቅሶ አይደለም አልሁዎት እኮ" አለኝ።

ታዲያ አንድ ዳገት ዞርን፣ እና ሐይቅ።

ያሲን ፊቱን አዞረ። መኖሩን አላወቀም ኖሯል። ሜገን ቆመች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ መናገር ጀመረች። ድምጿ ተለወጠብኝ። "ምን ትላለች?" አልሁት። ያሲን ውሃውን ሳያይ፣ ጉልበቱን እያየ ይተረጉምልኛል። "ይኸ ሐይቅ የተፈጥሮ አይደለም ትላለች። ሸለቆ ነበር ትላለች። መንደር ነበረበት፣ ትምህርት ቤት፣ የጸሎት ቤት፣ መቃብር። ለሩቅ ከተማ ውሃ አስፈለገ ተብሎ፣ ሰዎቹ እምቢ ቢሉም፣ ገደቡት ትላለች።" "ሌላስ?" አልሁት። "የአያቷ ቤት እዚህ ሥር ነው ትላለች። አንዳንዱ ሙት ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተቀበረ፣ አንዳንዱ ግን እዚያው ከውሃው ሥር ቀረ ትላለች። ድርቅ ሲሆን የቤቶቹ ካብ ብቅ ይላል፣ እናቷ ያን ጊዜ ትመጣና ትቆማለች ትላለች።"

"ላ ኢላሀ ኢለላህ!" አልሁ። "አላልሁህም? አላልሁህም ለቅሶ ነው?"

ወረድሁ። ሽማግሎቹ ካሜራቸውን ይዘው ቆመዋል። እኔ ዳር ላይ ድንጋይ ፈልጌ፣ ጋቢዬን አስተካክዬ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጥሁ። ሜገን መጣችና አየችኝ፣ ግራ ገባት። እጄን ዘረጋሁ። ሃይማኖታቸው ሌላ ነው፣ ግን ሐዘን ያው ሐዘን ነው። "አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ ለእናትሽም ጽናቱን ይስጣት" አልሁና "ያሲን፣ በላት!" ብዬ ጮህሁ። ከሚኒባሷ ሳይወርድ፣ በመስኮት፣ ነገራት። ሴትዮዋ አፏን ያዘች። ከዚያ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ። ሽማግሎቹም ካሜራውን ከተው፣ ቁጭ። ዳቦዬን ቆረስሁና አደልኋቸው። አንድም አልሳቀም። ውሃውን እያየን በላን።

እና ከየት እንደመጣ እንጃ፣ "እኔም ውሃ ሥር ልጅ አለኝ" አልሁ። "ያሲን፣ በላት።"

ወደ ሚኒባሷ ዞርሁ።

"ያሲን! አልሰማህም? 'እኔም ውሃ ሥር ልጅ አለኝ፣ ስሙ ሰይድ ነው' በላት።"

የሚኒባሷ በር ሲከፈት ሰማሁ። ወረደ። መጣ፣ ከፊታችን ቆመ፣ ሐይቁን አየው። ከዚያ ይናገር ጀመር። እኔ የሰጠሁት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ እሱ ግን ተናገረ፣ ተናገረ፣ አላቆመም። እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ? ከዚያ ሁሉ ውስጥ የምለየው "ሰይድ" የሚለውን ብቻ ነው። ሰይድ አለ። ደግሞ ሰይድ አለ። እጁን እንዲህ አድርጎ፣ አንጓውን ይዞ አሳያት። ሜገን እንባዋ ይወርዳል፣ አትጠርገውም። እኔ ምን እንደሚል ሳላውቅ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። ሲጨርስ አንዲት ነገር ጠየቀችው፣ አጭር። እሱም ራሱን ነቀነቀና ሕፃን ልጅ ሆኖ አለቀሰ። ለወንድሙ ሲያለቅስ ያን ቀን አየሁት።

ስንመለስ ትከሻዬ ላይ ተኛ። ሲነቃ "ምን ብላ ነው የጠየቀችህ?" አልሁት። "ውሃው ይበርድ ነበር ወይ አለችኝ" አለኝ። አያችሁ? የእኛ ሰው ሁሉ እንዴት ወጣህ አለው፤ በርዶህ ነበር ወይ ያለው አንድ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ የእናቱን ቃል ነገርሁት። "እመጣለሁ" አለ። ይኸው መጣ።

"እና ጋሽ እንድሪስ፣ ምን ነበር የነገራት?" አለች ፋጡማ።

እኔ አልጠየቅሁትም። የእኔ ልጅ ለሰው አገር ሰው የተናገረውን እኔ በጥያቄ አላወጣውም። ራሱ እዚህ አለ፣ ካሻው ይናገር፣ ካላሻው ይተወው።

ያሲን ቀና ብሎ ተናገረ።

"ታንኳዋ አሮጌ ነበረች። ደንገሉ ውሃ ጠጥቷል። ሁለታችን ስንይዛት ትሰምጣለች፣ አንዳችን ስንለቃት ትነሣለች። ሰይድ እጄን በታንኳዋ ገመድ አሰረው። 'አንተ ያዝ፤ እኔ በዋና እደርሳለሁ፣ ደልጊ ቅርብ ነው' አለኝ። ደልጊ ቅርብ አልነበረም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እኔም 'እሺ' አልሁት። እንዴት ወጣህ ስትሉኝ የነበረው፣ 'እሺ' ብዬ ነው የወጣሁ።"

ዘሃራ ተነሥታ ሄደች፣ አጠገቡ ተቀመጠች። "በየትኛው እጅህ ነው?" አለችው። ቀኙን ሰጣት። አንጓውን ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው፣ ጮክ ብላ አለቀሰች። "እንኳን እሺ አልኸው! እሱም እሺ እንድትለው ነው ያሰረህ፤ እኔ ልጄን አውቀዋለሁ" አለችው።

ሰማችሁ? እንግዲህ ነገሩን ሰማችሁት። ዌልስ ምን ይመስላል ላላችሁኝ፣ እኔ የማውቀው ይኸን ነው። በሉ አሁን እንባችሁን ጥረጉ፣ ነገ ማልዳችሁ ተነሡ። ሚኒባስ ኮንትራት ይዣለሁ። በጎንደር ዞረን ደልጊ ድረስ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ስንቅ ያዙ። ከውሃው ዳር ቁጭ ብለን ዱዓ እናደርግለታለን። ሹፌሩ እንደ ደንቡ ሳይነሣ በፊት ይጠይቃል፣ ታውቁታላችሁ። ከፊት የምቀመጠው ግን እኔ አይደለሁም፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ከኋላ ነኝ።

"ከፊት እኔ ነኝ አባ" አለ ያሲን። "የማን ለቅሶ ነው ሲለኝ፣ የወንድሜ የሰይድ ነው እለዋለሁ።"