ጋዜጠኛው ሽማግሌ ሲልክ

ከጅማ ወደ ሰርቦ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ አዛውንት ሐጂና ስለ እውነተኛ ግድያዎች መጽሐፍ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ ሽማግሌ ሆናችሁ ስትሄዱ የልጅቷ አባት ምን አሉ?»

«ጋዜጠኛው ነው የላከን ስንላቸው፣ ‹ከእኛ ቤት ማን ሞተና ነው?› አሉ።»

«ይቀልዳሉ።»

«ወላሂ። መጽሐፎችህን ሁሉ አንብበዋል።»

«አልወደዷቸውም?»

«ወደዷቸው እንጂ። ችግሩ እውነት መጻፍህ ነው። ውሸት ብትጽፍ ዛሬውኑ ይድሩልህ ነበር።»

«እና እምቢ አሉ?»

«የለም። የቡ ከተማ ላይ ስለተገደለው ቡና ነጋዴ እየጻፍክ እንደሆነ ጠየቁ።»

«ገና እያጣራሁ ነው።»

«እሱን ከተውከው ሠርጉ ረመዳን ሳይገባ ይሁን ብለዋል።»

ጋዜጠኛው ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

«ሐጂ፣ ልጅቷ ያኔ የቡ የሚኖር ወንድም ነበራት?»

«ይኸው፣ ጀመርክ።»

እኔ የምወርድበትን አልፌ ሰርቦ ደረስኩ።