ነገ ሐሙስ ውሃ አይመጣም

ክቡር የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ኒቆዲሞስ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ድግስ ያሰባችሁትን፣ ያዋጣችሁትን፣ ወንበር የተሸከማችሁትን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ገበታ ለይታችሁ፣ ማንም ሳይቀየም ሁሉም ጠግቦ ማየቴ ደስ ብሎኛል። እኔ ከሁለቱም ቀምሻለሁ፤ ማንም እንዳይፈርድብኝ፣ ዛሬ ቀኔ ነው።

እስቲ ይቺን ማይክ ዝቅ አድርጉልኝ። ሰው ድምፄን ሰምቶ ረጅም ሴት ይመስለዋል። ሲያየኝ ያዝናል።

በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ የሰው ፊት እያየሁ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ የለመድኩት መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ከግንብ ጋር ማውራት ነው። ግንብ ደግ ነው፣ አያዛጋም። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ አይቼሃለሁ!

ስለ ስጦታውም በጣም አመሰግናለሁ። አምስት መቶ ሊትር የሚይዝ ሮቶ! ሌላ ቦታ ጡረታ ለሚወጣ ሰው ሰዓት ያስሩለታል፣ ጋቢ ያለብሱታል። እኛ ዘንድ ግን የምር የሚወድሽ ሰው የውሃ ማጠራቀሚያ ነው የሚገዛልሽ። ሲያስረክቡኝ ጎኑን ኳ ኳ አድርጌ አየሁት። ባዶ ነው። የንብረት ክፍሉን ሰውዬ «ውሃውስ?» አልኳቸው። «እሱ በፕሮግራም ነው» አሉኝ። እንዴ! ፕሮግራሙን ሃያ ስምንት ዓመት ያነበብኩት እኔ ነኝ እኮ!

አዲስ የገባችሁ ልጆች መልኬን ላታውቁት ትችላላችሁ። ድምፄን ግን ታውቁታላችሁ፤ በጠዋት እንቅልፋችሁን የምነሳው እኔ ነኝ። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ሞንታርቦ የተጫነባት ነጭ ፒክአፕ አለች አይደል? መሪውን የሚይዘው ሙሜ ነው፣ ማይኩን እኔ። ጀጎል ውስጥ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ አትገባም። ስለዚህ በር በሩ ላይ እየቆምን ወደ ውስጥ እንጮሃለን፤ ፈላና በር፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር። ከዚያ አቦከርን ዞረን እስከ ሐኪም ጋራ ሥር። በሩ አጠገብ ያለው ሰው ከእኔ ይሰማል፣ መሃል ያለው ደግሞ በሩ አጠገብ ካለው ይሰማል። ያነበብኩት ዜና መሃል ከተማ ሲደርስ ሦስት አስተያየትና አንድ ስድብ ተጨምሮበት ነው።

ያላነበብኩት ዜና አለ እንዴ? ክትባት አንብቤያለሁ፣ ስብሰባ አንብቤያለሁ፣ መንገድ ሊሰፋ ነውና አጥራችሁን ሰብስቡ የሚለውንም አንብቤያለሁ። የዘይት ኮታ ያነበብኩ ቀን አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ አለች።

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«አልተጻፈም።»

«ለአንድ ቤት ስንት ሊትር?»

«አልተጻፈም።»

«ታዲያ ምን ተጻፈ?»

«ተረጋጉ ተብሎ ተጽፏል» አልኳት። መስኮቱን የዘጋችበት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ነዳጅ የጨመረ ጊዜ ደግሞ አዲሱን የባጃጅ ታሪፍ ያነበብኩት እኔው ነኝ። ከሥራ ወጥቼ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ስወርድ የጠየቀኝን ብር ስሰማ «ምነው አቦ! ትናንት እንዲህ ነበር እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ድምፁን እንደኔ አቅጥኖ፣ «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ ከዛሬ ጀምሮ ተግባራዊ በሚሆነው...» ብሎ እስከ መጨረሻው በቃሉ ወጣልኝ። አንድ ቁጥር አልሳተም። ከፍዬ ወረድኩ።

የዲጂታል መታወቂያውም ነገር አለ። «ተመዝገቡ፣ ተመዝገቡ» እያልኩ ስምንት ወር ስጮህ ከረምኩና ራሴ ስሄድ መሣሪያው ጣቴን አልቀበልም አለ። መዝጋቢዋ ልጅ በትሕትና «እማማ፣ አሻራዎ አይነበብም» አለችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሳነብ ኖሬ መጨረሻ ላይ አልነበብም ተባልኩ! ቅባት እየተቀባሁ ተመላልሼ በአራተኛው ቀን ተነበብኩ።

ሳቁ፣ ሳቁ። አሁን ግን ወደ አንድ ነገር ልምጣ። ይህን ሳልናገር ሮቶውን ይዤ ብሄድ ባዶም ሆኖ ይከብደኛል።

ፈላና በር ላይ ቅመም የምትሸጠውን ኸዲጃን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ጓደኝነታችን በመኪና መስኮት ነው የተጀመረው። ሙሜ መኪናውን ሲያቆም እሷ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ታቀብለናለች፤ እኔም ዜናውን ለከተማው ከማንበቤ በፊት ለእሷ በጆሮዋ እነግራታለሁ። ይህ ሕግ ነበር። ሳምቡሳ ሳይቀድም ዜና የለም።

ከአራት ዓመት በፊት ልጇን ልትድር ሽር ጉድ እያለች ነው። ሠርጉ ቅዳሜ። የውሃ ቦቴ አዛለች፣ ግን በእኔ ወረቀት ላይ «ሐሙስ ውሃ ይለቀቃል» ይላል።

«ብዙዬ፣ ይመጣል?» አለችኝ።

«ይመጣል። ይኸው ወረቀቱ።»

«እስቲ ማይልኝ።»

«መድኃኔ ዓለምን! ሐሙስ ይመጣል!»

ቦቴውን ሰረዘችው። በእኔ ቃል።

ሐሙስ አልመጣም። ዓርብም አልመጣም። ቅዳሜ ቦቴው ለሌላ ሠርግ ሄዷል። ከየጎረቤቱ የተለቀመው ውሃ ለድስቱ ብቻ በቃ፣ እንግዳው እጁን በለስላሳ ታጠበ። ሰምታችኋል? በለስላሳ! የሙሽራው አጎት በብርቱካኑ ታጥበው፣ በዚያው እጃቸው አዳራሹን ሙሉ ዞረው ጨበጡ። ሰውዬው ከአንዱ እጃቸውን ሳያላቅቁ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። በዚያ ሰፈር እስከ ዛሬ «የሚያጣብቀው ሠርግ» እየተባለ ይወራል።

ኸዲጃ አልተጣላችኝም። ምነው በተጣላችኝ! ብትሰድበኝ እሰድባታለሁ፣ ከዚያ እንታረቃለን። እሷ ግን ዝም አለች። ሰላም ስላት በአንገቷ ብቻ ነው። ሳምቡሳውንም በሹፌሩ መስኮት ዞራ ለሙሜ ትሰጠዋለች። ሙሜም ይበላዋል! «ለእኔስ?» ስለው፣ «ስምሽን አላለችም» ይለኛል። አራት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ በላው።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ «አባ፣ በሐሰት ማልኩ» አልኳቸው። ስግደቱን ሰጡኝ። ከዚያ፣ «እኛም አንቺን ሰምተን ሦስት በርሜል ከፍተን ስንጠብቅ ነበር» አሉኝ።

ከተማው ደግሞ በበኩሉ ዘዴ አወጣ። ብዙነሽ ይመጣል ካለች፣ ቦቴ እዘዙ። እኔ ማይክ ይዤ «ይመጣል» ስል ሰዉ ጀሪካኑን አንስቶ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል። ሥራዬ ይህ ሆኖ ቀረ።

ለራሴ የምነግራት ምክንያት ነበረችኝ። እኔ አንባቢ ነኝ፣ የጻፈው ሌላ ነው እላለሁ። እውነት ነው። ግን ኸዲጃ ያን ቀን የጠየቀችው ወረቀቱን አልነበረም። የጠየቀችው እኔን ነው።

እሺ። ትናንት ረቡዕ ነበር፣ የመጨረሻ የሥራ ቀኔ። አቶ ኒቆዲሞስ ቢሯቸው ጠሩኝና፣ «እትዬ ብዙነሽ፣ የመጨረሻውን ዙር በክብር ይዙሩ» ብለው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ገልጬ አየሁት። «ነገ ሐሙስ በጀጎልና በአቦከር ውሃ ይለቀቃል» ይላል። ሐሙስ! እንደገና ሐሙስ!

መኪና ውስጥ ገባሁና ስልኬን አወጣሁ። ውሃውን ወደ ከተማው የሚገፋው ሞተር ጋ ለሚሠራ አንድ ሰው ደወልኩ። ስሙን አልናገርም፤ እዚሁ ተቀምጦ እየበላ ነው። ቀና አትበል አንተ፣ ይነቁብሃል!

«ነገ ውሃ አለ?» አልኩት።

«ወረቀቱ ላይ አለ፣ እትዬ።»

«ወረቀቱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ፣ «ሞተሩ ከተቃጠለ ሦስት ቀኑ ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቢፈጥን ሰኞ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አትናገሩም?»

«ማን ጠየቀን?»

እስቲ አስቡት። ሃያ ስምንት ዓመት! አንድ ስልክ ነበር እኮ!

ፈላና በር ደረስን። ለምን እዋሻለሁ፣ ፈርቻለሁ። የጡረታ ወረቀቴ አቶ ኒቆዲሞስ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ገና አልተፈረመም። የተጻፈውን አንብቤ ብወርድ ማንም አይጠይቀኝም፤ ነገ ውሃ ሲቀር እኔ ጡረተኛ ነኝ። ቀና ስል ግን ኸዲጃን አየኋት። ሱቋ በር ላይ ቆማ በርበሬ ትሰፍራለች፣ ወደ እኔ አታይም።

ማይኩን አበራሁት። «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ ነገ ሐሙስ ውሃ አይመጣም። ዓርብም አይመጣም። ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ቢፈጥን ሰኞ ነው። ቦቴ ያዘዛችሁ እንዳትሰርዙ!»

ሙሜ መሪውን ለቆ ራሱን ያዘ። «ያ ረቢ! ብዙ፣ አንቺስ ወጣሽ፣ እኔ ገና ሦስት ዓመት ይቀረኛል!»

ሰው ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ። ከዚያ ከአንዱ ግቢ እልልታ ተሰማ። ውሃ የለም ተብሎ እልል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ደግሞ ከውስጥ፣ «አላህ ይስጥሽ! አሁን ቁርጣችንን አወቅን!» አለ። በዚህ ሥራ ስመረቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ኸዲጃ መስፈሪያዋን አስቀመጠች። ከሱቋ እስከ መስኮቴ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ አራት ዓመት ያልረገጠችውን ስድስት እርምጃ መጣች።

«አይመጣም?» አለችኝ።

«አይመጣም።»

ልምል አፌን ስከፍት እጇን አነሳች። «ተይው፣ መሐላሽን አልፈልግም። አንቺ ካልሽኝ በቃ» አለች። ተመልሳ ገብታ ለቦቴው ስትደውል ሰማኋት። ሳምቡሳ ግን አላመጣችም። በድንጋጤው ረስታው ይሁን አላውቅም፣ ሙሜም አብሮኝ ጦሙን ዋለ።

ወሬው እርግጥ ከእኔ ቀድሞ ቢሮ ገብቷል። አቶ ኒቆዲሞስ፣ ትናንት ስድስት ጊዜ ደውለውልኛል፣ አላነሳሁም። ባትሪዬ አልቆ ነው ልልዎት ነበር፤ አላለቀም። ፈርቼዎት ነው።

ዛሬ ጠዋት በር ላይ ጠበቁኝ። «እትዬ ብዙነሽ» አሉኝ፣ «ውሃ በሚቀርበት ቀን ስልካችን ሲጮህ ነው የሚውለው። ዛሬ እስካሁን አንድም ሰው አልደወለም።» ከዚያ ኪሳቸውን ዳበሱና እስክሪብቶ አወጡ። እዚያው ቆመው ፈረሙልኝ። ይህን በይፋ የምናገረው ምስክር እንዲበዛልኝ ነው፣ ሐሳብዎን እንዳይቀይሩ!

ዛሬ ሐሙስ ነው። እኔን የማያምን ካለ የዚህን አዳራሽ ቧንቧ ከፍቶ ይይ።

ብሌን፣ ልጄ፣ ከነገ ጀምሮ በእኔ ቦታ ዜናውን በቴሌግራም የምታወጪው አንቺ ነሽ። ሞንታርቦም አያደነቁርሽም፣ አቧራም አትበይም። ጎበዝ ነሽ፣ ፊደል አትስቺም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከመለጠፍሽ በፊት ደውይ። የዚያን ሰው ቁጥር ሰጥቼሻለሁ። አንተም ጉርሻህን ዋጥና ስትደውልልህ አንሳ!

በመጨረሻ፣ ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ ደጃፌ ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን አገኘሁ። ሃያ ሊትር፣ እስከ አፉ ሙሉ፣ ክዳኑ በፌስታል የታሰረ። ላዩ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ሳምቡሳ፣ ገና ትኩስ። የማን እንደሆነ አልተጻፈበትም። አንዳንድ ነገር ሳይጻፍም ይታወቃል። ውሃ በሌለበት ሐሙስ፣ አንዲት ባለሱቅ ካዘዘችው ቦቴ ላይ ሃያ ሊትር ቀንሳ ሰው ደጅ ስታስቀምጥ ምን ማለት እንደሆነ ሐረሬ ያውቃል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እያለቀስኩም በላሁት። ሙሜ፣ አንተን አላስታወስኩህም፤ ስምህን አላለችም!

እንግዲህ ልቀመጥ። ሙስሊሞቹን አላህ፣ ክርስቲያኖቹን እግዚአብሔር በጤና ያቆያችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ሠርጋቸው እጅ በውሃ የሚታጠብበት ይሁን። የምትናገሩት የሚታመን፣ የምትሰሙትም እውነት ይሁንላችሁ። ሞተሩንም ሰኞ ያድርስልን። የበደልኩት ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ፤ እኔም ሙሜን ስለ ሳምቡሳው ይቅር ብዬዋለሁ።

በሉ፣ ሮቶውን አስጭኑልኝ። የመጀመሪያው ሃያ ሊትር ቤት ሆኖ እየጠበቀው ነው።