ጥላ ከመስኮት ውጭ

ሚያዝያ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ስለ ፀሐይ ለልጆች ሳስተምር ውዬ፣ ያችው ፀሐይ አናቴን እየቀቀለችኝ ወደምኖርበት ኮንዶሚኒየም ስደርስ፣ መሪጌታ ጥዑመ ልሳንን ደረጃው ሥር አገኘኋቸው። ነጭ ኩታቸውን ተከናንበው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ሽቅብ ወደ አራተኛው ፎቅ ይጮኻሉ።

«ፍታው! ገመዱንም አታስቀር! ባሕር ዳር መካከል ሕንጻ አቁመን የመሸንቲ ገበያ ዳስ እናድርገው?»

ጥበቃው ሀዲስ በረንዳው ላይ ሆኖ ከደንገል የተታታ ሰፊ ምንጣፍ ፈትቶ ለቀቀው። ምንጣፉ እየተገለባበጠ ወርዶ እግሬ ሥር ተዘረጋ።

መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት በአንዱ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ዘንድ የገቡ ሊቅ ናቸው። የሕንጻው ነዋሪ የኮሚቴ ሰብሳቢ ያደረጋቸው ስለሚያከብራቸው ነው፤ ደፍሮ የሚከራከራቸው ስለሌለም ነው። ሲሾሙ ያወጡት የመጀመሪያ ትእዛዝ በመስኮትና በበረንዳ ውጭ ምንም ነገር እንዳይሰቀል ነበር። ያን ዕለት ምንጣፉ የወረደው ደግሞ ከሌላ ከማንም ሳይሆን ከገዛ ልጃቸው በረንዳ ነው። ሰብለ ወንጌል አራስ ነበረች።

«የኔታ፣ እንዴት ዋሉ?» አልኋቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። መጣሽ መምህርት? እንግዲህ አንቺው ዳኚኝ። ሰው ሐይቁ ላይ ከታንኳ ሆኖ ሲያየን ምን ይለናል?»

መልስ ሳልሰጥ ሔራን ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ሔራን የሰብለ ወንጌል ባል የቢያዝን እህት ናት፤ የሕንጻ ንድፍ ተምራ በቅርቡ ተመርቃለች፤ አራሷን ልትጠይቅ መጥታ እዚያው ቀርታ ታስታምማለች። ምንጣፉን የሰቀለችው እሷ ነበረች። ፊቷ ቀልቷል፤ ግን አጎንብሳ እጅ ነሣች።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምንጣፉ ምን አጠፋ?»

«መልክ አጠፋ፣ ልጄ። ደንብም አፈረሰ። ዛሬ አንቺ ምንጣፍ፣ ነገ ጎረቤትሽ ማዳበሪያ፣ ከነገ ወዲያ ሌላው አሮጌ ቆርቆሮ ይሰቅላል። ነፋስ ሲነሣም የሰው ራስ ላይ ይወድቃል። ፀሐይ ከበዛ መጋረጃ ምን ሠራ? ወፍራሙን መጋረጃ እኔው ነኝ ያስሰፋሁላት።»

«መጋረጃው አለ፣ የኔታ። ክፍሉ ግን እንደ ምድጃ ነው።»

«አራስ ይሞቃታል እንጂ ይበርዳታል? ንፋስ ካገኛት ምች ይመታታል። የሰው ዓይንም አለ። ወላድ መሸፈን አለባት።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልሁም። እኔ ራሴ በአራስ ቤት በተዘጋ መስኮት ሥር ስንት ቀን እንደታፈንሁ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። በሚያዝያ ሙቀት ወላድን በር ዘግቶ ማፈንን ጥንቃቄ ብሎ የሚጠራ ሰው ሁሉ አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ቢታሰር ምን ነበረበት! አልሁ በልቤ። በአፌ ያልሁት ግን ሌላ ነው።

«የኔታ፣ ምዕራብ የዞረ ክፍል ከሰዓት በኋላ የከፋ ነው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከጣሪያ አትመጣም፤ ፊት ለፊት ትገባለች።»

«ይኸው ነው፣» አለች ሔራን ተቀብላ። «መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ መጋረጃ ብንጎትት ሌባውን ቤት አስገብቶ በር መቆለፍ ነው። መጋረጃው ራሱ ይግላል፤ ከመስታወቱ ጋር ሆኖ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ፀሐይን መመለስ ያለብን ደጅ ሳለች ነው። የኔታ፣ ይህን ጃንጥላ የዘረጉት ከኩታዎ በላይ ነው ወይስ ከኩታዎ ሥር?»

ሀዲስ ከላይ ሆኖ ሳቁ አመለጠው። መሪጌታ ግን አልሳቁም።

«ነገር በምሳሌ መልካም ነው። ግን እኔ ያደግሁት መጋረጃ በሚከበርበት ቤት ነው። ቤተ መቅደስ መጋረጃ አለው። ሥዕሉም መጋረጃ አለው። ከውጭ ምንጣፍ የሰቀለ ቤተ ክርስቲያን የት አየሽ?»

ሔራን አጎንብሳ ምንጣፉን መጠቅለል ጀመረች። የተሸነፈች መሰለኝ፤ እሷ ግን ምላሹን እያማረጠች ነበር።

«በእርስዎ ገዳም አየሁ፣ የኔታ። ተማሪ ሳለሁ ሄጄ ለክቼዋለሁ። ክቡ ቤተ ክርስቲያን የሣር ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ ዝቅ ብሎ አይወርድም? ሰው ከፀሐይ ሸሽቶ ከክዳኑ ሥር አይቆምም? ግድግዳውን በቀትር ዳስሼዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። መጋረጃው ለምሥጢሩና ለክብሩ ነው። ፀሐዩን የሚመልሰው ከውጭ ያለው ክዳን ነው። አባቶቻችን ይህን አውቀው ሠርተውት ነበር። እኛ ነን ከማን አንሼ ብለን የብርድ አገር መስታወት ገጥመን ክዳኑን የቆረጥነው።»

መሪጌታ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እሱስ እውነት ነው፤ በቀትር እዚያ ሥር ነበር ለተማሪ ዜማ እየመራሁ የማስቀጽለው፣» አሉ ዝግ ብለው። ወዲያው ግን መለሱት፤ «ቢሆንም ምድጃ ነው ማለትሽ ማጋነን ነው። እኔ እዚያው ቤት አይደል የምኖረው? ይህን ያህል ሙቀት አላየሁም።»

ይህን ሲሉ የሔራን ትዕግሥት አለቀ።

«የኔታ፣ እርስዎ ያሉት ሳሎን ነው። ሳሎኑ በምሥራቅ በኩል ነው። ሰብለ ከወለደች ወዲህ ክፍሏን ገብተው አይተውታል?»

አላዩትም፤ ሊያዩትም አይችሉም። ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው አራስ ቤት አይገባም ብለው፣ ልጃቸውን በተዘጋ በር ማዶ «እንዴት ዋልሽ?» ሲሏት ነው የሰነበቱት። እሷም አባቷን ላለማስጨነቅ «ደኅና ነኝ» ትላለች። እንግዲህ መሪጌታ ያን ያህል ሊቅ ሆነው ሳለ፣ ደፉን ስላልረገጡት ክፍል ሲፈርዱ መቆየታቸው ነው። ስንት ኮሚቴ፣ ስንት ቢሮ እንዲሁ ባልገባበት ቤት ላይ ሲፈርድ ይውላል! በዚያች ሰዓት አዛውንቱን አለማክበር ቃጣኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ሥርዓትዎን አያፍርሱ፣» አለች ሔራን። «በረንዳው በወጥ ቤት በኩል ይገባል። መስኮቷ በረንዳው ላይ ነው። ከውጭ ሆነው ይዩት፤ ከዚያ ያሉትን እሰማለሁ።»

ደረጃውን ቀስ ብለን ወጣን። በረንዳው ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ፊት ለፊት ቆማ ነበር፤ ውሃውም ተቀብሎ ይመልሳታል። መሪጌታ ጃንጥላቸውን ወደ ፊት አዘነበሉ።

«ሰብለ ጃንጥላ የላትም፣ የኔታ፣» አለች ሔራን።

ጃንጥላውን አጠፉት። ጥቂት እንደቆሙ ላብ ከጥምጥማቸው ሥር በጉንጫቸው ወረደ። እጃቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉና መልሰው ነጠቁት። የጣታቸውን ጫፍ እንደ ሕፃን እፍ ሲሉት አየሁ።

ድምፃችንን ሰምታ ኖሮ መጋረጃውን ከውስጥ ገለጥ አደረገችው። ሰብለ ወንጌል ናት። ፊቷ በላብ ርሷል፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ልጁን ታቅፋዋለች። ልብሱን ገፍፋለት ነበርና አንገቱም ደረቱም ቀያይ ሽፍታ ብቻ ሆኖ ታየ። የሚያለቅስበት አቅም እንኳ አልነበረውም፤ አፉን ከፈት ከደን ያደርጋል።

«አባዬ፣» አለች በመስታወቱ ማዶ፣ «መስኮቱን ልክፈተው? ይቆጡኛል?»

ይቆጡኛል አለች! እናት ሆና፣ ልጇ እጇ ላይ እየደከመ፣ አየር ለመሳብ ፈቃድ ትለምናለች። ያን ቃል ስሰማ እንባዬ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው።

መሪጌታ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። «ክፈችው፣ ልጄ! ኧረ ክፈችው!» አሉ።

መስኮቱ ሲከፈት የታመቀው ግለት ፊታችንን መታን። ፀሐይዋም ያለከልካይ እናትና ልጁ ላይ አረፈች። መሪጌታ ጃንጥላቸውን ዘርግተው መስኮቱ ፊት ያዙት፤ አልበቃም። ለሔራን አቀበሏትና ኩታቸውን ከትከሻቸው ገፈፉ። ምንጣፉ በተፈታበት፣ ሀዲስ ገና ባላነሣው የሽቦ ገመድ ላይ፣ በገዛ እጃቸው፣ ከበረንዳው ውጭ ሰቀሉት። ታች በግቢው የነበረ ሰው ሁሉ ሽቅብ አንጋጦ አየ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ኩታ፣ እርጥብ ልብስ እንኳ በተከለከለበት በረንዳ ላይ!

ኩታው ነጭ ነውና ፀሐይዋን መለሳት። ከሐይቁ የመጣች ትንሽ ነፋስ ከሥሩ ገብታ መስኮቱን አለፈች። ሰብለ ወንጌል ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች። ከአፍታ በኋላ ልጁ ጡት ያዘ።

ሀዲስ ግራ ተጋብቶ ከወጥ ቤቱ በር ብቅ አለ። «የኔታ፣ ምንም አይሰቀል ብለው ነበር። ኩታውን ላውርደው?»

«ከእሱ በፊት እኔን ከሰብሳቢነት አውርዱኝ፣» አሉት። «አንተ ውረድና ምንጣፉን አምጣ!»

እሑድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። መሪጌታ ቆመው ጥፋታቸውን ተናገሩ፤ ከዚያ ሔራን እንድታስረዳ አዘዙ። እሷም አስረዳች። የሚሰቀለው ጥላ በምዕራብ በኩል ላሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የአንዱ ማዳበሪያ የሌላው ቆርቆሮ እንዳይሆን። ቆርቆሮ ራሱ ግሎ ያግላል፤ በክረምትም ዝናቡ ሲመታው እንቅልፍ ይነሣል። ሸምበቆ ወይም ፈዘዝ ያለ ሸራ ይመረጥ፤ ጥዋት ተጠቅልሎ ሐይቁ እንዲታይ፣ ከሰዓት በኋላ እንዲወርድ። ከግድግዳው አንድ ክንድ ይራቅ፤ በመካከሉ አየር ይለፍ። ከላይም ከታችም ይታሰር፤ ነፋስ እንዳይጥለው። በደቡብ በኩል ላሉት ደግሞ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ስለምታልፍ ከመስኮቱ በላይ የወጣ አጭር ክዳን ይበቃል።

«ገጽታውስ?» አለ አንድ ከፊት የተቀመጠ ሰው።

«በታንኳ የሚያልፈው ለአፍታ ነው የሚያየን፣» አሉ መሪጌታ። «እኛ ግን እንኖርበታለን። የሚያሳፍረን ሕፃን በሙቀት የሚቀቅል ያማረ ሕንጻ ነው።»

ደንቡ በዚያው ተለወጠ። ዛሬ በምዕራብ በኩል መስኮቱ ሁሉ ጥላ አለው። ከሰዓት በኋላ መስኮት ከፍቶ መጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ ቀን ሙሉ ይጮህ የነበረው ማራገቢያ ዐርፏል፤ ወንበሩም ልብሱም ቀለሙን አይለቅም። ወላዶችም ከሰው ዓይን እንደተከለሉ ንፋስ ያገኛሉ። እስካሁን በዚያ ንፋስ ምች የመታው ሰው አልሰማሁም።

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊነሣ ስንወጣ መሪጌታ ያንኑ ኩታ ለብሰው ነበር። ሔራን አየችውና ደነገጠች፤ በመካከሉ የሽቦ ገመዱ ዝገት ያስቀረው ቡናማ መስመር አለበት።

«የኔታ፣ ይህንን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን? ይስጡኝ፣ በሎሚ አሽቼ ላስለቅቀው።»

«ተይው ልጄ፣» አሏት፤ መስመሩንም በጣታቸው ዳሰሱት። «ገብቼ ያላየሁትን ነገር ልከለክል አፌን በከፈትሁ ቁጥር ልየው።»