እስከ ኋላ ወንበር የሚደርስ ድምፅ

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምህረት፣ በየካቲት ወር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከአምቦ ወደ እጃጂ የሚጓዝ ሚኒባስ ጉደርን ለቆ ብዙም ሳይርቅ ጎማው ፈንድቶ ቆመ። ረዳቱ ተሳፋሪውን አስወርዶ ጎማ ለመቀየር ሲንበረከክ፣ ሰዉ ጥላ ፍለጋ ባሕር ዛፍ ሥር ተበታተነ። መምህር ዓብዲሳ ተሬፋም ከሰው ነጠል ብለው መንገድ ዳር ከተከመረ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

መምህር ዓብዲሳ በእጃጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራሉ። ጠመኔ እንደያዙ ሸብተዋል። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት በድምፃቸው ነው። እሳቸው ሲያስተምሩ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ነጋዴ ሳይቀር ይማራል ይባልላቸዋል፤ ይህ ሲነገርም ደስ ይላቸዋል። በዚያን ቀን ግን ከሐኪም ዘንድ መመለሳቸው ነበር። ሐኪሙ ጉሮሯቸውን በመብራት መርምሮ፣ «ድምፅ ማውጫዎ ቆስሏል። እንደ ቤት ወሬ ዝግ ብለው መናገር ይችላሉ፤ መጮህ ግን እስከ ክረምት እርም ይበሉ። አለዚያ ጨርሶ ይሄዳል» ብሏቸዋል። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ግንቦት ላይ ነው። መምህሩ በመንገድ ሁሉ ሲያሰላስሉ የመጡት፣ ሰኞ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገብተው ወደ ንብረት ክፍል እንዲያዛውራቸው ስለ መለመን ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ቲቸር!» የሚል የሴት ድምፅ ከሐሳባቸው አነቃቸው።

ቀና ሲሉ ዱረቲ ቦጂያ ናት። የቀድሞ ተማሪያቸው ነበረች፤ አሁን አምቦ ውስጥ እንደሳቸው ባዮሎጂ ታስተምራለች። ቅዳሜና እሑድን ከወላጆቿ ጋር ለማሳለፍ ወደ እጃጂ መሄዷ ነበር። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው ልጄ» አሉ መምህሩ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ።

ዱረቲ ደነገጠች። «ምን ሆነው ነው?» ብላ ብትጠይቅ ነገሩን ሊሸሽጓት ሞከሩ፤ እሷ ግን አልለቀቀቻቸውም። በመጨረሻ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገሯትና፣ «እንግዲህ መምህርነቴ እዚህ ላይ አበቃ። መምህር ያለ ድምፅ ቆዳው የተቀደደ ከበሮ ነው» አሉ።

«እንዲህ አይበሉ፣ ቲቸር። ዝግ ብለው መናገር ይችላሉ ከተባሉ፣ ቤትዎ ተቀምጠው ትምህርቱን በስልክዎ ይቅዱት። ክፍል ውስጥ በትንሽ ስፒከር ይከፍቱላቸዋል፤ እርስዎ አይጮኹም።»

መምህር ዓብዲሳ ፊታቸውን አዞሩ። ቁጣቸው የቆየ ነበርና ጉሮሯቸው ቢታመምም መናገር አልተውም።

«ፕላዝማን፣ ያን የቴሌቪዥን ትምህርት ረሳሽው? አንቺው ራስሽ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበርሽም? ያ ሣጥን ሲመጣ እኔ ምን ሆንኩ? የሣጥኑ ቁልፍ ያዥ ሆንኩ! ከሩቅ ያለ ሰው በእንግሊዝኛ እንደ ጎርፍ ይወርድባችኋል፤ እናንተ አንድ መስመር ሳትጽፉ ወደ ሌላ ያልፋል። እጁን ያነሣ ልጅ ቢኖር ቴሌቪዥን አያየውም። መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። በገዛ ክፍሌ በር ላይ ቆሜ እንደ ዘበኛ ስጠብቅ የኖርኩት ሰውዬ፣ ዛሬ ደግሞ ሌላ ማሽን አምጡ ልበል?»

አንባቢ ሆይ፣ የሽማግሌው ቁጣ ያለ ምክንያት አልነበረም። አዲስ ነገርን የሚጠላ ሰው ሁሉ ኋላ ቀር አይደለም፤ አንዳንዱ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ እሳት የሚፈራ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በስድብ ሳይሆን በማስረጃ ማሳመን ይገባል። ዱረቲም ይህን ታውቅ ነበር።

«አልረሳሁም» አለች። «ሌላም ያልረሳሁት አለ። ፕላዝማው ሲጠፋ የሚቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። በእነዚያ ደቂቃዎች እርስዎ ሁሉንም በአፋን ኦሮሞ ያስረዱን ነበር። እኔን ባዮሎጂ ያስተማሩኝ እነዚያ ደቂቃዎች ናቸው። እኔ የምለው እነዚያን ደቂቃዎች ይቅዷቸው ነው። የእርስዎን ቃል፣ በእርስዎ ቋንቋ።»

ዱረቲ ቦርሳዋን ከፍታ ላፕቶፕ አወጣችና ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። በስክሪኑ ላይ ልብ ይመታል፤ ደሙ ይገባል፣ ክዳኖቹ ተከፍተው ይዘጋሉ። መምህር ዓብዲሳ ይህን በጠመኔ ሲስሉ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል፤ የጠመኔ ልብ ግን አይንቀሳቀስም። ሳያስቡት አንገታቸውን አሰገጉ፤ ወዲያው ደግሞ መለስ ብለው፣ «ያው ነው፤ ይኸውና ይሮጣል» አሉ።

ዱረቲ አንድ ቁልፍ ጫን አደረገች። ልቡ ክዳኑ እንደ ተከፈተ ቀጥ አለ።

«ቆመ?»

«ቆመ። እርስዎ ካላዘዙት አይንቀሳቀስም። ወደ ኋላ መመለስም ይችላሉ። ልጁ እጁን ሲያነሣ ያቆሙታል፣ ይጠይቁታል፣ ሰሌዳ ላይ ይጽፉለታል። ፕላዝማው እርስዎን ያዝዝ ነበር፤ ይህን የሚያዙት እርስዎ ነዎት።»

«እሺ፣ ይሁን» አሉ መምህሩ። «እጃጂ ውስጥ ግን ኢንተርኔቱ እንደ ሐምሌ ፀሐይ ነው፤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። በየት በኩል ነው ይህን የማገኘው?»

«ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት አያስፈልግዎትም። እኔም ክፍል ውስጥ ተስፋ አልጥልበትም። አምቦ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ በአንድ ጊዜ የወሩን ትምህርት አወርዳለሁ፤ በፍላሽ ይዤ እመለሳለሁ። ፍላሹን ከመክፈቴ በፊት ለቫይረስ አስፈትሸዋለሁ። አንዱን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጣለሁ፣ ፍላሽ ይጠፋልና። ያወረድኩትን ደግሞ ብቻዬን እስከ መጨረሻው ሳላየው፣ ከመማሪያ መጽሐፉም ጋር ሳላስተያየው ለተማሪ አላሳይም። ኢንተርኔት ላይ ያለ ሁሉ እውነት አይደለም።»

«ስልክ ለተማሪ ከተፈቀደ ግን ዘፈን ነው የሚሰሙት።»

«ይህ እውነት ነው፤ እኔንም ገጥሞኛል» አለች ዱረቲ ሳትሸሽግ። «መጀመሪያ ዝም ብዬ ከፈትኩላቸው፤ ግማሹ ተኛ፣ ግማሹ ስልኩን ይነካካል። አሁን ከመክፈቴ በፊት ሰሌዳ ላይ ጥያቄ እጽፋለሁ። መልሱን እያደኑ ያዳምጣሉ። ስልኮቹ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲወጡ ቅጂውን በብሉቱዝ ይወስዳሉ፤ ብሉቱዝ ሂሳብ አይቆርጥም። ስልክ የሌለው ስልክ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያዳምጣል።»

ረዳቱ «ግቡ!» ብሎ ተጣራ። ዱረቲ ስልክ ቁጥሯን በመምህሩ ስልክ ላይ መዘገበችላቸው። መምህሩ አመሰገኑ፤ ልባቸው ግን ገና አልተረታም ነበር። ድምፅ ያለው ሰው ማሽን አያሻውም፣ ሐኪምም ይሳሳታል እያሉ ራሳቸውን እየደለሉ እጃጂ ገቡ።

ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሯቸው ክፍል ገብተው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ተማሪው በየወንበሩ ተጨናንቆ ተቀምጧል። «የደም ዝውውር...» ብለው በዚያ በለመዱት ድምፅ ጀመሩ፤ ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ድምፃቸው ተሰነጠቀ፣ ከዚያም ጠፋ። አፋቸው ይከፈታል፣ ቃል ግን አይወጣም። ከተማሪዎቹ አንድም የሳቀ አልነበረም፤ ያ ዝምታ ከሳቅ ይልቅ አሳመማቸው። ሰሌዳው ላይ «ምዕራፉን አንብቡ» ብለው ጻፉና ወደ መምህራን ማረፊያ ሄደው ብቻቸውን ተቀመጡ።

እዚያም ስልካቸውን አወጡ። ደውለው እንዳይናገሩ ድምፅ የለም። በዕድሜያቸው ሜሴጅ ጽፈው አያውቁም፤ የሚመጣላቸውንም የሚያነቡላቸው ባለቤታቸው ነበሩ። መነጽራቸውን ገፍተው፣ ፊደል በፊደል እየለቀሙ፣ እየተሳሳቱና እያጠፉ ለዱረቲ በአፋን ኦሮሞ ጻፉ፤ «ድምፄ ሄደ። ያንን ነገር አሳዪኝ» የሚል ነበር። ክፍለ ጊዜው በዚህ አለቀ። መልሱ ግን ወዲያው መጣ፤ «እስከ ቅዳሜ ምንም አይናገሩ። እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ዱረቲ የሚመታውን ልብ በፍላሽ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ስፒከርም ይዛ ቤታቸው መጣች። ጓዳ ገብተው መስኮቱን በጋቢ ሸፈኑ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተማርያም ዶሮዎቹን ከግቢ አባረሩ። በሳምንቱ እረፍት የመምህሩ ድምፅ በመጠኑ ተመልሷል። ስልኩ መቅዳት ሲጀምር ግን ልማድ ነውና ጮኹበት።

«ቲቸር፣ ስልኩ አጠገብዎ ነው» አለች ዱረቲ። «አንድ ልጅ ጎንዎ ተቀምጦ ይጠይቅዎታል ብለው ያስቡ። ረጅም አያድርጉት፤ አንድ ሐሳብ ሲያልቅ ያቁሙ። ሌላው ሐሳብ ሌላ ቅጂ ይሆናል። ስሙንም በምዕራፉ ይሰይሙት፣ በኋላ ፍለጋ እንዳያደክምዎ።»

እንደ መከረቻቸው ዝግ ብለው ጀመሩ። በእንግሊዝኛ መጽሐፉ ያለውን ቃል አንድ ጊዜ ይጠሩና በአፋን ኦሮሞ ይፈቱታል፤ ልብን በመስኖ በር፣ ክዳኑን ውሃ እንዳይመለስ በሚከለክል መዝጊያ ይመስሉታል። ሲጨርሱና ሲያዳምጡት፣ «ይህ እኔ ነኝ?» አሉ። እንዲህ ለስላሳ ሆነው ሲያስተምሩ ራሳቸውን ሰምተው አያውቁም።

በሚቀጥለው ሰኞ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ፣ ለስብሰባ ብቻ የሚወጣውን ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ለምነው አመጡ። ሰሌዳው ላይ «ደም ወደ ኋላ የማይመለሰው ለምንድን ነው?» ብለው ጻፉ። ልቡ ግድግዳው ላይ መምታት ጀመረ፤ እሳቸውም አንዴ እያስቆሙ፣ አንዴ ወደ ኋላ እየመለሱ በእጃቸው አመለከቱ። ጥቂት እንደ ሄዱ መብራት ጠፋ። ተማሪው በለመደው አነጋገር «ኦ!» ብሎ ደብተሩን ሊከድን ሲል፣ መምህሩ በባትሪ የሚሠራውን ስፒከር ከስልካቸው ጋር አገናኝተው ከክፍሉ መካከል ወንበር ላይ አኖሩት። ድምፃቸው ከዚያ መጣ። እሳቸው ደግሞ፣ መናገር ስለሌለባቸው፣ በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወሩ የተማሪውን ሥራ ያዩ ጀመር።

መጨረሻው ወንበር ሲደርሱ ሴና የምትባል ተማሪ እጇን አነሣች። ዓመቱን ሙሉ ጠይቃ የማታውቅ፣ መምህሩም ሰነፍ ናት ብለው የተዉዋት ልጅ ነበረች።

«ክዳኑ በደንብ ባይዘጋስ፣ ቲቸር? ሰውየው ይደክመዋል?»

መምህሩ ጎንበስ ብለው፣ «እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቅሽም?» አሏት በለሆሳስ።

ልጅቷ አቀርቅራ፣ «እዚህ ኋላ ድምፅዎ ይመጣል፤ ቃሉ ግን አይመጣም ነበር። ከጎናችን ያለው ክፍል ይንጫጫል፣ ቆርቆሮውም ያስተጋባል። ዛሬ ነው በደንብ የሰማሁዎት» አለች።

መምህር ዓብዲሳ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ነጋዴ ይሰማቸዋል ሲባል ሲኩራሩ፣ ከገዛ ክፍላቸው ኋላ ወንበር ያለችው ልጅ አትሰማቸውም ኖሯል። በዚያ ቅጽበት የተረታው ክርክራቸው ብቻ አልነበረም፤ የዘመናት ኩራታቸውም አብሮ ተረታ። ጥያቄዋን ሰሌዳው ላይ ጻፉትና ክፍሉ በሙሉ እንዲወያይበት አደረጉ።

ከዚያ በኋላ በመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባቸው፣ «ጋሼ ዓብዲሳ፣ እርስዎም ለማሽን እጅ ሰጡ?» ብሎ ቢቀልድባቸው፣ ዝግ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፤ «ለማሽን እጅ አልሰጠሁም፤ ማሽኑን እጄ አስገባሁት። አንድ ጊዜ የቀዳሁትን ለሁሉም ክፍል እከፍተዋለሁ፤ የተረፈኝን ትንፋሽ ለጥያቄ አውለዋለሁ። የታመመው፣ ገበያ የዋለው፣ ያልገባው ልጅ ደጋግሞ ያዳምጣል። መብራት ቢጠፋ ጠመኔዬ አለ። መጥፎ ትምህርት ግን ቢቀዳም መጥፎ ነው፤ ስለዚህ ከመቅዳታችሁ በፊት ተዘጋጁ። ደግሞ አንድ ቀን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የራሳችሁን ክፍል አዳምጡ።» ስብሰባውን ሲጨርሱ ባልደረባው ራሱ፣ «እኔንም አሳዩኝ» ብሎ ተከተላቸው።

በፈተናው ዋዜማ አካባቢ፣ በገበያ ቀን፣ መምህሩ ሽንኩርት ሊገዙ ቢወጡ፣ አዴ ጉዴ የምትባል ቅቤ ሻጭ ከተቀመጠችበት ተነሥታ እጅ ነሣቻቸው። የአንዱ ተማሪያቸው እናት ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም።

«ድምፅዎን አውቀዋለሁ» አለቻቸው በአፋን ኦሮሞ። «ልጄ ሲያጠና ሁላችንም እንሰማለን። ባሌ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እርጅና ነው ስንል ነበር። እርስዎ ስለ ልብ መዝጊያ የተናገሩትን ሰምተን አምቦ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፤ ልቡን ነው ተባለ፣ መድኃኒትም ጀመረ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር፤ ልጄን ብጠይቀው እኔም አላውቀውም አለኝ።»

«ጠይቂ» አሏት።

በዙሪያቸው ገበያው ይጮኻል። መምህር ዓብዲሳ በጩኸት ሊበልጡት አልሞከሩም፤ ከቅቤው ቅል አጠገብ ቁጢጥ ብለው ጆሯቸውን ሰጧት።