አንድ ስልክ፣ ሦስት ተማሪ

ባለቤቴ ስመኝ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። የፊዚክስ መምህርት ነበረች፤ በድምፅዋ የቀዳቻቸው ትምህርቶች ድረ ገጻችን ላይ በክፍያ ይገኛሉ። የጎንደር ተማሪዎች ግን አንዱ ከፍሎ የይለፍ ቃሉን ለክፍሉ ሁሉ ስለሚያድል፣ የገጹን ኪራይ መክፈል አቅቶኝ ሊዘጋብኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ስልክ ለአንድ ተማሪ፣ አንድ ስምም በአንድ ስልክ ብቻ እንዲሠራ ቆለፍሁት።

በማግስቱ አያ ሙላት የሚባሉ አባት ከኮሶዬ ተነሥተው እኔ ወዳለሁበት ፀዳ ድረስ መጡ። «ምነው ልጄ? ለሦስቱም ልጆቼ ከፍያለሁ፤ ስልኬ ታላቋን አስገብቶ ሁለቱን ከደጅ መለሳቸው!»

«አያ፣ አንድ ስልክ ለአንድ ሰው ነው» አልኋቸው።

«እኛ ቤት ስልክ በተራ ነው። አንተ ልጅ በወለድህ ቁጥር ቤት ትሠራለህ?»

ስመኝ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እሳቸው አጠገቤ እንደተቀመጡ ቁልፉን ቀየርሁት። በአንድ ስልክ የፈለገው ሁሉ በየስሙ ይግባ፤ አንድ ስም በሁለት ስልክ ከተከፈተ ግን ኋላ የገባው የፊተኛውን ያስወጣዋል።

ከሰዓት በኋላ የጎንደሮቹ ተማሪዎች ትምህርት መሃል ላይ እርስ በርስ ይባረሩ ጀመር። «ማነው የሚያስወጣኝ?» ብሎ አንዱ ደወለ። «የይለፍ ቃልህን የሰጠኸው ጓደኛህ» አልሁት። ተነታርከው ተነታርከው እየከፈሉ በየራሳቸው ስም ተመዘገቡ። እኔም ሳይመሽ የገጹን የሚመጣውን ዓመት ኪራይ ከፈልሁ።