የአክስቴ ጓዳ በር

በስልኬ የሠራሁትን ልብ ሰቃይ አስፈሪ ፊልም መካነ ሰላም ላይ፣ አክስቴ ዘይነባ ቤት ለጎረቤት አሳየሁላችሁ። የቀረጽኩትም እዚያው ነው። የጓዳዋ በር ሰው ሳይነካው ቀስ ብሎ ሲከፈት ሁሉም ትንፋሹን ዋጥ አደረገ። ምን ዋጋ አለው፣ ዱቄት ቀብቼ ጭራቅ ያደረግኩት ጓደኛዬ ብቅ ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ! አክስቴማ፣ «ጅዳ ስንቱን ፊልም አይቼ መጥቼ ዱቄት ያስፈራኛል?» ብላ ኩምሽሽ አደረገችኝ።

ሰዉ ሲበተን በርበሬ ልታወጣ ወደ ጓዳ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ና እስቲ፣ አንተ ክፈተው» አለችኝ።

«ምነው አክስቴ?»

«ቢስሚላህ በልና ክፈት አልኩህ!»

ጭራቄ ቢያዋርደኝም የጓዳው በር ክሶኛል! ቢስሚላህ አልኩና ልክ እንደ ፊልሙ፣ ሲጥ… እያደረግኩ፣ ቀስ ብዬ ከፈትኩላት።